የምሰድበው ጌም፣ የማልተወው ጌም

የዛሬው ወጋችን ስለ ፍቅር ነው። "ደግሞ ዛሬ የማን ጓዳ ሊገባ ነው?" እንዳትሉኝ። ሰው ከሰው ጋር ስለሚይዘው ፍቅር ሳይሆን ሰው ከአንድ ነገር ጋር ስለሚይዘው ፍቅር ነው የማወራችሁ። በየቀኑ እያማረርነው በየቀኑ ተመልሰን የምንሄድበት ነገር ሁላችንም አለን። አንዱ የሚረግመው መሥሪያ ቤት አለው፤ አሥር ዓመት ሙሉ "በዚህ ወር እለቃለሁ" ይላል። ሌላው በየሳምንቱ የሚያስለቅሰው የእግር ኳስ ክለብ አለው። አንዷ ደግሞ... እሷን እንኳ እንተዋት፤ ራሷን ታውቃለች!

የእኔ ጌም ነው። ስሙ ፎልአውት 76 ይባላል። በዓለም ላይ የዚህን ያህል የተሰደበ፣ የተሾፈበትና የተዋረደ ጌም ጥቂት ነው። ስድቡም አብዛኛው ይገባዋል። እኔም ስሰድበው ማንም አይቀድመኝም። ሆኖም እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

"ጌም የልጅ ነገር ነው" ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ እያደር ገንዘብ ውስጥ፣ እንቅልፍ ውስጥ፣ ትዳር ውስጥ ይገባል። አይቼዋለሁና ነው የምነግራችሁ።

ነገርዬው ምንድን ነው?

ፎልአውት የሚባለው የጌም ዘር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። መጀመሪያ የሠራው ኢንተርፕሌይ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። በኋላ መብቱን ቤተስዳ የሚባል ሌላ ኩባንያ ገዛው። ቤተስዳ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ሜሪላንድ ውስጥ ሮክቪል ከተማ ነው፤ የእኛ ሰው እንደ አሸን ከፈላበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም። ስሙን የወሰደው እዚያው አካባቢ ካለችው ቤተስዳ ከተማ ሲሆን፣ የከተማዋ ስም ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ቤተ ሳይዳ የመጣ ነው። ያቺ 38 ዓመት የታመመው ሰው የውሃውን መናወጥ ሲጠብቅባት የኖረባት መጠመቂያ! ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

የጌሙ ታሪክ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2077 የኑክሌር ጦርነት ይነሳል። ዓለም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አመድ ትሆናለች። ተመርጠው ከመሬት በታች በተሠሩ መጠለያዎች የተደበቁ ሰዎች ግን ይተርፋሉ። እናንተ መጠለያ 76 ውስጥ ከተደበቁት አንዱ ናችሁ። ቁጥሩ አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችበትን 1776ን ለማስታወስ የተሰጠ ነው። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2102 በሩ ይከፈታል። "ውጡና አገሪቱን እንደገና ገንቡ" ትባላላችሁ። በእጃችሁ ያለው ትንሽ ምግብ፣ ትንሽ ውሃና ክንዳችሁ ላይ የታሰረች ኮምፒውተር ብቻ ናት። የቀረውን ከፍርስራሽ እየለቀማችሁ ትሠራላችሁ። የዛገ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ የጽሕፈት መኪና፣ ያረጀ ማራገቢያ... ሁሉም ይፈለጋል። መርካቶ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው አይቸገርም!

ቦታው ዌስት ቨርጂኒያ ነው፤ ተራራና የድንጋይ ከሰል ማዕድን ያለበት፣ ብዙ ድሃ የሚኖርበት የአሜሪካ ግዛት። ጌሙ ውስጥ የምታዩዋቸው ብዙዎቹ ቦታዎች በእውነት ያሉ ናቸው። ለምሳሌ እዚያ ግሪንብራየር የሚባል የሀብታሞች ሆቴል አለ። ከሥሩ ለአሜሪካ የምክር ቤት አባላት የተሠራ የኑክሌር መደበቂያ ነበር። ሚስጥሩ ተጠብቆ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1992 ጋዜጣ ላይ ወጣ። ጌሙ ስሙን ለውጦ ሆቴሉንም መደበቂያውንም አስገብቶታል። ይህን ሳውቅ ደነገጥኩ። የጌም ፈጠራ ነው ያልኩት ነገር ለካ ሰዎች ሲሚንቶ አቡክተው የሠሩት እውነት ነው።

ሰው የሌለበት አገር

ጌሙ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2018 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዋና ዋናዎቹ የፎልአውት ጌሞች ሰው ብቻውን ተቀምጦ የሚጫወታቸው ነበሩ። ይሄኛው ግን በኢንተርኔት ነው። በአንድ ጊዜ 24 ያህል ሰዎች አንድ ሰፊ አገር ውስጥ ይለቀቃሉ።

ታዲያ ኩባንያው ምን አሰበ መሰላችሁ? ጌሙ ውስጥ የሚገኘው ሰው ሁሉ እውነተኛ ተጫዋች ከሆነ፣ በኮምፒውተር የሚመራ ሰው ምን ያደርጋል አለ። ስለዚህ የሚያናግሩት፣ የሚሸኙት፣ የሚጣሉት ሰው አንድም አላስቀመጠም። ያሉት ሮቦቶች፣ አውሬዎችና የሞቱ ሰዎች ድምፅ የተቀዳባቸው ካሴቶች ናቸው።

አንድ ከተማ ትገባላችሁ። ወጥ ቤቱ አለ፣ አልጋዎቹ አሉ፣ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ አለ። ካሴቱን ስታጫውቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ፖሊሶችና ሐኪሞች ተሰባስበው ከጦርነቱ የተረፉትን ሲረዱ እንደነበር ትሰማላችሁ። ውሃ እንዴት እንደሚፈላ ሲያስተምሩ፣ ቁስለኛ ሲያክሙ ትሰማላችሁ። ከዚያ ሽፍቶች በገና ዕለት ግድብ አፍርሰው ትልቁን ከተማቸውን በጎርፍ እንዳጠፉት ትሰማላችሁ። ከዚያ ወረርሽኝ መጣ። ከዚያ ዝም።

ለቅሶ ዘግይቶ እንደ መድረስ ነው። ድንኳኑ ፈርሷል፣ አግዳሚው ተመልሷል፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" የምትሉት ሰው የለም።

ብዙ ተጫዋች በዚህ ተናደደ። "60 ዶላር ከፍለን የገዛነው ባዶ ቤት ነው!" አለ። ልክ ነው። የጌም ሐያስያንም ከመቶ ሃምሳ አካባቢ ብቻ ሰጡት። ለዚህ ኩባንያ ይህ ውርደት ነበር። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከጌሙ ሁሉ ልቤን የያዘው ይኸው ባዶነት ነው።

ሄልቬሺያ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በእውነቱ ዓለምም እዚያው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1869 ከስዊዘርላንድ የመጡ ሰዎች ናቸው የመሠረቷት። በየዓመቱ ጭምብል አድርገው እየጨፈሩ ክረምቱን የሚሸኙበት በዓል አላቸው። ጌሙ ውስጥ የመንደሯ ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። ሮቦቶቹ ግን በዓሉን ማክበር አልተውም። ጭምብላቸውን አድርገው በባዶው መንገድ ሰልፍ ይወጣሉ። ተጫዋቾች ደግሞ አውሬ እንዳይበላቸው ግራና ቀኝ ሆነን እናጅባለን። በመጨረሻ የክረምቱ ሽማግሌ ምስል ይቃጠላል። ሰው አልቆ ወጉ ብቻ ሲቀር እንዲህ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ጉዱ ሲዘረዘር

አሁን ወደ ስድቡ እንግባ። ሁሉም በአደባባይ የታወቀ ነው፤ እኔ የፈጠርኩት የለም።

ገና ሳይሸጥ በሙከራው ጊዜ፣ በኦክቶበር 2018 መጨረሻ፣ የኮምፒውተር ተጫዋቾች ያወረዱት ጌም በሙሉ በብልሽት ተሰረዘባቸው። 50 ጊጋባይት ያህል ነበር። እንደገና አውርዱ ተባሉ። በእኛ አገር ጥቅል የሚገዛ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ከዚያ የቦርሳው ጉድ መጣ። 200 ዶላር የሚያወጣ ልዩ እትም ነበር። ማስታወቂያው "የሸራ ቦርሳ አለው" ይላል። ሰዎቹ እቃውን ሲከፍቱ ያገኙት ስስ የናይለን ከረጢት ነው። ሸራው ጠፍቶ ነው ተባሉ። ለካሳ ምን ተሰጣቸው? ጌሙ ውስጥ ብቻ የሚሠራ የአምስት ዶላር ያህል ገንዘብ! ጩኸቱ ሲበዛ ኩባንያው የሸራውን ቦርሳ አሠርቶ ለመላክ ተገደደ። ያንኑ የቦርሳ አቤቱታ የሚቀበለው የኢንተርኔት ገጽ ደግሞ በዲሴምበር 2018 ተበላሸና የአንዱን ደንበኛ ስምና አድራሻ ለሌላው ደንበኛ አሳየ። በ2019 ደግሞ በጌሙ ስም የተሸጠ የራስ ቁር ውስጡ ሻጋታ ሊይዝ ይችላል ተብሎ ከገበያ ተሰበሰበ። ሻጋታ! እንጀራ መሰላችሁ?

ጌሙን በመጀመሪያው ቀን በ60 ዶላር የገዛ ሰው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በአንዳንድ መደብሮች በ40 ዶላርና ከዚያም በታች ሲሸጥ አየ። ሦስት የኑክሌር ቦምብ በአንድ ጊዜ ቢተኮስ ምን ይሆናል ብለው የሞከሩ ተጫዋቾች ደግሞ ሰርቨሩን ራሱን ጣሉት። በአውስትራሊያ የሸማቾች ጉዳይ ተቆጣጣሪው ጣልቃ ገብቶ፣ በ2019 መጨረሻ አካባቢ የጌሙ ባለቤት ኩባንያ "ገንዘባችን አይመለስም" ተብለው ለነበሩ ደንበኞች ለመመለስ ተስማማ።

እኔን የበለጠ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ጌሙ ቃርሚያ ልቀሙ ይላል፤ የምታስቀምጡበት ሳጥን ግን ጠባብ ነው። መጀመሪያ የሚይዘው 400 ነበር። ተጫዋቹ ሲጮህ 600 ሆነ፣ ከዚያ 800። በኦክቶበር 2019 ደግሞ ኩባንያው ወርሃዊ ክፍያ አመጣ፤ በወር 12.99 ዶላር፣ በዓመት 99.99 ዶላር። ለከፈለ ሰው ምን ይሰጣል? ለቃርሚያው ማለቂያ የሌለው ሳጥን! ቁስሉን ራሱ አቆሰለ፣ መድኃኒቱን ራሱ ሸጠ። ይባስ ብሎ ባወጣው ሰሞን ከፍለው ከገቡት አንዳንዶቹ ያስቀመጡት ዕቃ ከሳጥኑ ጠፋባቸው። እግዜር ያሳያችሁ!

ውሃው ሲናወጥ

እንግዲህ የቤተ ሳይዳዋን ነገር ያዙልኝ ብዬ ነበር። ተጫዋቾቹም እንደዚያ በሽተኛ የውሃውን መናወጥ ሲጠብቁ ከረሙ። ውሃው የተናወጠው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 2020 ነው። በዚያን ዕለት በወጣው ማሻሻያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች ወደ ጌሙ ገቡ። ሰፋሪዎች መጡ፣ ሽፍቶች ተመለሱ፣ የሚያወራ፣ የሚዋሽ፣ የሚቀልድ ሰው ተገኘ። ወቅቱ ደግሞ ዓለም በሙሉ በኮሮና ምክንያት ቤቱ የተቆለፈበት ነበር። ሰው ከመጠለያ የሚወጣበትን ጌም መጠለያው ውስጥ ሆኖ ተጫወተው።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው አዳዲስ ታሪክና አዳዲስ ቦታ ሲጨመርበት ቆይቷል። ኩባንያውንም ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ከገዛቸው ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ጠቀለለው። በኤፕሪል 2024 ደግሞ በዚሁ ታሪክ ላይ የተመሠረተ የቴሌቪዥን ድራማ ወጣና ሰው ግልብጥ ብሎ ወደ ጌሙ መጣ። በዚያ ወር በአንድ ቀን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደተጫወተው ኩባንያው አስታውቋል። "ሞተ" የተባለ ጌም!

ተሻሻለ ወይ? ተሻሽሏል። ዳነ ወይ? እሱን እንጃ። ወርሃዊ ክፍያው አልቀረም፤ የማለቂያ የለሹ ሳጥንም ቁልፍ ያው ከክፍያው ጋር ነው።

ታዲያ ምን ያዘኝ?

ታናሽ እህቴ አንድ ቀን ስነጫነጭ ሰምታኝ "አንተ፣ ይህን ያህል ከሰደብከው ለምን አትተወውም? የታሰርክበት ነገር አለ እንዴ?" አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። ብዙ አሰብኩበት። መልሱ ሰዎቹ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙ ሲወጣ ብዙ ሰው የፈራው ተጫዋች ተጫዋቹን እየገደለ ዝርፊያ ብቻ ይሆናል ብሎ ነበር። ሕግ የለም፣ መንግሥት የለም፣ ሁሉም ጠመንጃ አለው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ቀድሞ የገባው አዲሱን መጤ ይረዳ ጀመር። ከመጠለያው በር አጠገብ ቆሞ ለሚወጣው አዲስ ሰው የተጣራ ውሃ፣ መድኃኒትና ጥይት ይሰጣል። ከዚያ እጁን ያውለበልብና ይሄዳል። ስሙን አይነግራችሁም፣ ውለታ አይጠይቃችሁም። በ2024 ያ ሁሉ አዲስ ሰው ሲጎርፍ ነባሮቹ ልክ እንደ እንግዳ ተቀባይ በሩ ላይ ተሰልፈው ነበር።

ተጫዋቾች ቤት ይሠራሉ፣ በሩን ክፍት ይተዋሉ። የውሃ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ አላፊ አግዳሚ ይጠጣል። ሱቅ ይከፍታሉ። የአገሩ ገንዘብ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቆርኪ! የለስላሳ ቆርኪ። ይህን ሳይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኛ ሰፈር ዳማ የምንጫወተው በቆርኪ አልነበረም እንዴ? አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በፊቱ። አሜሪካኖቹ ዓለም ካለቀች በኋላ የደረሱበትን ሀብት እኛ በልጅነታችን በኪሳችን ሞልተን እንዞር ነበር።

እና ልብ ብላችሁ እዩት። ኩባንያው አገሩን ባዶ አድርጎ ሸጠ፤ ባዶውን የሞሉት ተጫዋቾች ናቸው። ደግነቱ፣ ቀልዱ፣ ክፍት በሩ በዋጋው ውስጥ አልነበረም። ጌሙን ወደድኩት ስል የወደድኩት ድርጅቱ የሠራውን ሁሉ አይደለም። ሰዎች በጎደለው ቦታ ያስቀመጡትን ነው።

ይህን ስላልኩ መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም። ጌሙ ውስጥ ትልቁ መዝናኛ ምን መሰላችሁ? የኑክሌር ቦምብ መተኮስ። አገሪቱን ያጠፋት ያው ቦምብ ሦስት ቦታ ተቀምጧል። ኮዱን ፈትታችሁ ትተኩሳላችሁ፤ ሰዉ የብረት ልብሱን ለብሶ ወደ ፈነዳበት ቦታ ይሮጣል፤ ውድ ዕቃ የሚገኘው እዚያ ነው። እኔም ሮጫለሁ። የሙታኑን ካሴት ሰምቶ የሚተክዝ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንኑ ቦምብ እያየ ያጨበጭባል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የአብሮ አደጌ ሚስት ፍርድ

ከሰዎቹ ሁሉ አንዱን ለብቻው ልንገራችሁ። ዲቪ ደርሶት ከሄደ ቆይቷል። አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፣ አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፣ ሰው በመኪና ያመላልሳል። ጌሙን ገዝቶ የላከልኝ እሱ ነው። ከሥራ የሚገባው በእነሱ ሌሊት 6 ሰዓት ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ይሆናል። ያን ጊዜ ሁለታችንም ማዳመጫ እናደርግና ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ እንገናኛለን። ቃርሚያ እየለቀምን ስለ ሰፈር እናወራለን። ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ የቱ ቤት ፈረሰ። እኔ ቤት መብራት ሲጠፋ እሱ ብቻውን ተራራው ላይ ቆሞ ይቀራል። መብራት ሲመጣ "ሞትክ ብዬ ቀበርኩህ" ይለኛል።

አንድ ቀን ሚስቱ ደወለችልኝ።

"ወንድሜ፣ አንተ የሰው ችግር የምትጽፍ ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረደኝ" አለች። "እኔ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ወደ ሥራ ስወጣ እሱ ገና ሊተኛ ነው። የምንገናኘው በር ላይ ነው። ጌሙ ውስጥ በሁለት ቀን ቤት ሠርቶ አሳየኝ። የእኛ ቤት መደርደሪያ ግን ከተገዛ ወር ሆነው፤ እስካሁን ካርቶኑ ውስጥ ነው።"

ምን ትላላችሁ? እኔ የምለው አጣሁ። እሱን ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ "ቀኑን ሙሉ 'ሃይ' እና 'ታንክ ዩ' ብቻ ነው የምለው። በአማርኛ የምስቀው እዚያ ነው።"

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እሷ ባሏን ፈለገች፣ እሱ አገሩን ፈለገ። ጌሙ ደግሞ በሁለቱ መሃል ቁጭ ብሎ ሰዓት ይቆጥራል። ኩባንያው ስለ እነሱ ትዳር ምንም አያውቅም። ጌሙ በየቀኑ ሽልማት አለው፣ በየሳምንቱ ፈተና አለው፤ ዛሬ ካልገባህ የዛሬው አለፈህ። እንደዚያ ነው የተሠራው።

ሦስታችን በስልክ ተነጋገርንና ቀን ቆረጥን። በእሱ ቅዳሜ ማታ፣ በእኔ እሁድ ጠዋት ብቻ። በሌላው ቀን ገብቶ መተኛት፣ ለእኔ ደግሞ በድምፅ መልእክት ሰላም ማለት። የቀን ሽልማቱ ይቅር! መደርደሪያውም ቆመ። በኋላ በእረፍት ቀናቸው መኪናቸውን አስነስተው ዌስት ቨርጂኒያ ጫፍ ላይ ወዳለችው ሃርፐርስ ፌሪ ሄዱ። ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት የድሮ ከተማ ናት፤ ጌሙም ውስጥ አለች። እሱ እየዞረ "እዚህ ጋ ጭራቅ ነበር፣ እዚያ ጋ ደግሞ ያ ቀበጥ ጓደኛዬ ሞቷል" እያለ አስጎበኛት። ፎቶውን የላከችልኝ እሷ ናት። እሷ እስከ ዛሬ ጌሙን አትወደውም። መብቷ ነው።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ይህ የምክር ገጽ ነውና ከዚህ ሁሉ ያጠራቀምኩትን ላካፍላችሁ። ለጌም ብቻ አይደለም፤ ለሚያማርራችሁ መሥሪያ ቤትም፣ ለሌላውም ይሠራል።

አንደኛ፣ የያዛችሁ ነገር የቱ እንደሆነ ለዩ። ዕቃው ነው ወይስ እዚያ ያገኛችኋቸው ሰዎች? ሰዎቹ ከሆኑ ስልካቸውን ተቀበሉ፣ ከጌሙ ውጭም ተገናኙ። በኢንተርኔት የሚሠራ ጌም ባለቤቱ የዘጋው ቀን ይዘጋል። ቤታችሁም፣ ቆርኪያችሁም አብሮ ይጠፋል። ወዳጃችሁ ግን አብሮ መጥፋት የለበትም።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን አትግዙ። ማስታወቂያ ሁሌ የሸራ ቦርሳ ነው፤ ሲከፈት ናይለን የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሌሎች ከፍተው ያዩትን ስሙ። ትዕግሥት ያለው ሰው ያንኑ ዕቃ በግማሽ ዋጋ፣ ተጠግኖ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ በየወሩ ክፈሉ ስትባሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ይህ የሚያቃልልኝ ችግር ከየት መጣ?" ችግሩን የፈጠረው ሻጩ ራሱ ከሆነ ኪሳችሁን ያዙ። በወር 12.99 ዶላር ሲባል ትንሽ ይመስላል። በአሥራ ሁለት ስትመቱት 155 ዶላር ከ88 ሳንቲም ነው። ወደ ብር ለውጡትና ተቀመጡ።

አራተኛ፣ ሰዓታችሁን በር ላይ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት። "ትንሽ ልጫወት" የሚባል ሰዓት የለም። "ቅዳሜ ከዚህ እስከዚህ" የሚባል ሰዓት ግን አለ። ሚስት፣ እጮኛ፣ እናት... ቁርጡን ያወቀ ሰው ያን ያህል አይጣላም። እናንተ የቤት ሰዎችም "ይህን የልጅ ነገር ጣለው" ከማለታችሁ በፊት እዚያ ማንን እንደሚያገኝ ጠይቁት። ምናልባት የሚፈልገው ጌሙን ሳይሆን የሚያወራው ሰው ይሆናል።

አምስተኛ፣ ስለወደዳችሁት ብቻ ጠበቃ አትሁኑለት። ጌሙ ሲነካ እንደ እናታቸው ስድብ የሚቆጡ ሰዎች አሉ። ምን በወጣችሁ? ያ ሁሉ ጩኸት ባይኖር የሸራው ቦርሳ አይመጣም ነበር፤ ሳጥኑም ከ400 ፈቀቅ አይልም ነበር። ጌሙን የተሻለ ያደረጉት የጮሁት እንጂ ዝም ብለው ያጨበጨቡት አይደሉም። የሚወዱትን ነገር ጉድለቱን መናገር ክህደት አይደለም።

እኔ በበኩሌ ሂሳቡን ለይቻለሁ። ምስጋናዬ ለሰዎቹ፣ ወቀሳዬ ለድርጅቱ። ወርሃዊውን አልከፍልም፤ ሳጥኔ ሲሞላ ትርፉን መጠለያው በር ላይ ወስጄ ለመጀመሪያው አዲስ ሰው እሰጣለሁ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብራዚል ይሁን ጀርመን ይሁን። እጁን ያውለበልብልኛል፣ እኔም አውለበልብለታለሁ። ከዚያ ወደ ተራራው እሄዳለሁ፤ እዚያ የሚጠብቀኝ ሰው አለ።

እናንተስ? እየሰደባችሁ የማትተዉት ነገር ምንድን ነው? ጻፉልን፤ እንደተለመደው ስማችሁን አናወጣም። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!